ሀሪኬን፦ ሰው የሚገድለው ነፋሱ ብቻ አይደለም

ሂውስተን፣ አትላንታ ወይም ፍሎሪዳ ዘመድ ያለን ብዙ ነን። የሀሪኬን፣ ማለትም ከውቅያኖስ የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ ማስጠንቀቂያ በወጣ ቁጥር ስልክ ይጨናነቃል። ከመልካሙ ምክር ጋር የተሳሳተውም አብሮ ይዛመታል። በተደጋጋሚ ከሚሰሙት ጥቂቶቹን እንይ።

«ካታጎሪው ከወረደ አያሰጋም»

ከ1 እስከ 5 የሚሰጠው ካታጎሪ (ደረጃ) የሚለካው የነፋሱን ፍጥነት ብቻ ነው። ስለ ዝናቡም ሆነ ነፋሱ ወደ የብስ ገፍቶ ስለሚያመጣው የባሕር ውሃ ምንም አይነግረንም። በብዛት የሚገድለው ደግሞ ውሃው ነው። ካትሪና የተባለችው ሀሪኬን እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2005 ሉዊዚያና የገባችው ከ5 ወደ 3 ወርዳ ነበር። የኒው ኦርሊንስ የጎርፍ መከላከያዎች ግን ተደርምሰው ከከተማዋ 80 በመቶ ያህሉን ውሃ ዋጠው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ሃርቪ የተባለው ነፋሱ ከተዳከመ በኋላም ቴክሳስ ላይ ለቀናት ቆሞ አዘነበ። አንዳንድ ቦታ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ወረደ። አዲስ አበባ በዓመት የምታገኘው እንኳ ይህን አያክልም። ስለዚህ ዘመድ ጋ ስትደውሉ «ካታጎሪው ስንት ነው?» ከማለት «ሰፈራችሁ ውሃ ይገባዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

«እኛ ከባሕር ሩቅ ነን»

በሴፕቴምበር 2024 ሄለን የገባችው በፍሎሪዳ ነው። እጅግ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ግን ተራራማው ምዕራብ ሰሜን ካሮላይና ነበር። ወንዝ ሞላ፣ መሬት ተናደ። የዚያው አካባቢ ከተማ የአሽቪል ነዋሪዎች የቧንቧ ውሃ ዳግም ለመጠጥ እስኪበቃ ከ50 ቀን በላይ ጠበቁ።

«ጸጥ ካለ አልፏል»

ጸጥታው የአውሎ ነፋሱ ዓይን፣ ማለትም ጸጥ ያለው መሃሉ፣ ሊሆን ይችላል። እሱ ሲያልፍ ነፋሱ ከተቃራኒው አቅጣጫ ይመለሳል። ባለሥልጣናት ሳይፈቅዱ አትውጡ።

«የሞተው በዕለቱ የሞተው ነው»

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ማሪያ በሴፕቴምበር 2017 ፖርቶ ሪኮን ስትመታ በይፋ የተነገረው የሟቾች ቁጥር 64 ነበር። በዓመቱ በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት ግን ቁጥሩን 2,975 አድርሶታል፤ መንግሥትም ተቀበለው። መብራት ለወራት ሲጠፋ ኦክስጅን የሚሰጠው ማሽን ይቆማል፣ የኩላሊት እጥበት ይቋረጣል፣ ኢንሱሊን ይበላሻል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አረጋውያንና ድሆች ይበልጥ ተጎዱ። ጄኔሬተርም ሌላው ገዳይ ነው። ቤት ውስጥ ወይም ጋራዥ ውስጥ ከተነሳ፣ ጭሱ በዝግ ቤት እንደተቀጣጠለ ከሰል ሰው በተኛበት ይገድላል። ውጭ፣ ከመስኮትና ከበር ርቆ ይቀመጥ።

«ለኢትዮጵያ ምኗም አይደለም»

በህንድ ውቅያኖስ ይኸው አውሎ ነፋስ ሳይክሎን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2018 መኩኑ እና ሉባን የተባሉ ሁለት ሳይክሎኖች ዓረቢያ ላይ ወጥተው «ሩብ አል ኻሊ» የተባለውን ደረቅ በረሃ በዝናብ አራሱት። አሸዋው ረጠበ፣ ሣር በቀለ። ሰው በማይደርስበት በዚያ ስፍራ የበረሃ አንበጣ ማንም ሳያየው ደጋግሞ ተራባ። ከዚያ በየመን በኩል ወደ አፍሪካ ቀንድ ተሻገረ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እንዳለው በኢትዮጵያ በ25 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ወረራ አልታየም ነበር። በ2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2020) መኸር ወሎ ውስጥ የደረሰ ማሽላና ጤፍ አጭዶ ሳያስገባ የቀረው ገበሬ የዚያን አውሎ ነፋስ ጉዳት ተሸክሟል። በሟቾችም ሆነ በተጎጂዎች መዝገብ ላይ ግን ስሙ የለም።