ፕላዝሚኖጅን ምንድን ነው? የወባ ተውሳክስ ለምን ይፈልገዋል?

ፕላዝሚኖጅን በዋናነት በጉበት ተሠርቶ ከደም ጋር የሚዘዋወር፣ ሌላ ኢንዛይም ቆርጦ ወደ ፕላዝሚን እስኪለውጠው ድረስም ሥራ የማይጀምር ፕሮቲን ነው። ፕላዝሚን ደግሞ የረጋ ደምን አያይዞ የሚያቆመውን የፋይብሪን ክር ይበጣጥሳል።

አዲስ አበባ በከፍታዋ ምክንያት ወባ በብዛት የሚተላለፍባት ከተማ አይደለችም፤ ሆኖም በአቃቂና በቃሊቲ ዳርቻ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ለቀን ሥራ ወደ መተሐራ ወይም ወደ ሌላ ቆላ ወርደው በትኩሳት የተመለሱ ሰዎች ይመረመራሉ። ባለሙያዋ ጣት ወግታ ያወጣችውን ጠብታ በስላይዱ ላይ ፈጥና ካልዘረጋችው ደሙ ይረጋባታል፤ በጥጥ የተያዘው ጣትም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መድማቱን ያቆማል። ይህ የሚሆነው ፋይብሪኖጅን የተባለው ፕሮቲን ትሮምቢን በተባለ ኢንዛይም አማካይነት ወደ ፋይብሪን ስለሚለወጥ ነው። ቁስሉ ሲሽር ክሩን የሚያጸዳው ፕላዝሚን ነው።

ፋይብሪን ግን ደም ከማቆም በተጨማሪ ለሚንቀሳቀስ ተውሳክ መሰናክል ይሆናል። ትንኟ ስትነክስ ስፖሮዞይት የተባሉትን የወባ ተውሳኮች በአብዛኛው የምትተወው በቀጥታ ደም ሥር ውስጥ ሳይሆን ቆዳ ውስጥ ነው፤ እነሱም ከዚያ ተነሥተው ደም ሥር ማግኘት፣ በደሙም ጉበት መድረስ አለባቸው። ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ስፖሮዞይቱ የሰውየውን ፕላዝሚኖጅንና ፕላዝሚኖጅንን የሚያነቃቃውን ኢንዛይም ከላዩ ላይ ያጣብቃል፤ በዚህ መንገድ የሚፈጠረው ፕላዝሚንም ከፊቱ ያለውን ፋይብሪን እየቆረጠ ያሳልፈዋል። ሌባ በባለቤቱ ቁልፍ በሩን ከፍቶ እንደሚገባ ያለ ነው።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ይኸው የሰው ፕሮቲን ከሰው ወጥቶም ማገልገሉን መቀጠሉ ነው። ትንኟ የታመመ ሰው ደም ስትጠጣ ፕላዝሚኖጅኑም አብሮ ሆዷ ይገባል፤ እዚያ የሚፈጠረው ኦኪኔት የተባለው የተውሳኩ ደረጃ የአንጀቷን ግድግዳ ሰብሮ ማለፍ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ኦኪኔቱ ፕላዝሚኖጅኑን የሚይዘው ኢኖሌዝ በተባለ ፕሮቲን ነው፤ ኢኖሌዝ መደበኛ ሥራው በሕዋስ ውስጥ ስኳርን ለኃይል ማፍረስ ሆኖ ሳለ፣ እዚህ በተውሳኩ ገጽ ላይ ይገኛል።

ዘዴው የወባ ብቻ አይደለም። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ፕላዝሚኖጅንን የሚያነቃ ስትሬፕቶካይኔዝ የተባለ የራሱ ፕሮቲን ያመነጫል፤ እ.ኤ.አ. በ1933 የታወቀው ይህ ፕሮቲን በኋላ በድንገተኛ የልብ ሕመም የተመታን ሰው የልብ ደም ሥር የዘጋውን የረጋ ደም ለማሟሟት መድኃኒት ሆኗል።

ታዲያ ፕላዝሚኖጅንን ጨርሶ አጥፍቶ ወባን መግታት አይቻልም ወይ ለሚል መልሱ ግልጽ ነው፤ ሰውየው ራሱ የረጋ ደሙን ለማጽዳት ይፈልገዋል። ስለዚህ የሚያዋጣው ተውሳኩ ፕሮቲኑን የሚይዝበትን ቦታ መዝጋት ሲሆን፣ በቤተ ሙከራም ኢኖሌዝን የሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላት ተውሳኩ በትንኝ ሆድ ውስጥ እንዳይዘልቅ ማዳከም ችለዋል።