የዓለም ፍጻሜ ትንቢቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ዝናብ ሲዛባ ወይም ልጅ አባቱን ሲዳፈር «ወይ ስምንተኛው ሺህ!» የሚል አይጠፋም። ወጣቶቹ ደግሞ ከፊልምና ከጌም ያገኙትን ራግናሮክን፣ የጥንት ስካንዲኔቪያውያንን የዓለም ፍጻሜ ታሪክ፣ ያነሳሉ። ሁለቱም ጋ ቶሎ መታረም ያለበት ነገር አለ።

«ስምንተኛው ሺህ ሊገባ ነው»

ከገባ ቆየ። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው። 1500 ሲጨመርበት 7000 ይሞላል። ስለዚህ ስምንተኛው ሺህ የጀመረው በ1501 ዓ.ም.፣ በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ነው። በ1523 ደብረ ሊባኖስ በጦርነት ተቃጠለ። ያንን እሳት ያዩ መነኮሳት ዓለም ያለቀች ቢመስላቸው አይፈረድባቸውም። ገዳሙ ግን ዛሬም አለ።

«ራግናሮክ የሁሉ ነገር መጨረሻ ነው»

ይሄኛው በጣም ያሳዝነኛል፤ የታሪኩ ውብ ክፍል የሚጠፋው እዚህ ላይ ነውና። በጥንት የስካንዲኔቪያ አፈ ታሪክ መጀመሪያ ሞቃት በጋ የሌለባቸው ሦስት የብርድና የበረዶ ክረምቶች ይከታተላሉ። ውርጭ ገብሱን የመታበት የመንዝ ገበሬ ይህ ፍርሃት ሳይነገረው ይገባዋል። ከዚያ ወንድም ወንድሙን ይገድላል። ፌንሪር የሚባለው ተኩላ የአማልክቱን አለቃ ኦዲንን ይውጠዋል። የነጎድጓዱ አምላክ ቶር ምድርን የከበበውን ግዙፍ እባብ ገድሎ ዘጠኝ እርምጃ ሄዶ በመርዙ ይወድቃል። የእሳቱ ግዙፍ ሱርት ምድርን ያቃጥላል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ሕማማትን ተርኮ ፋሲካን እንደ መዝለል ነው! ምድር ከባሕር ለምልማ ትወጣለች፤ እርሻው ሳይዘራ ያፈራል። ቀድሞ የሞተው አምላክ ባልደር ከሙታን ይመለሳል። ተደብቀው የተረፉት ሊፍና ሊፍትራሲርም የጠዋት ጤዛ እየተመገቡ የሰውን ዘር ያስቀጥላሉ።

«ማያዎች ዓለም በ2005 ያልቃል ብለው ነበር»

የመካከለኛው አሜሪካ ጥንታውያን ሕዝቦች ማያዎች እንዲህ አላሉም። ታኅሣሥ 12 ቀን 2005 የተጠናቀቀው 1,872,000 ቀን የሚፈጅ አንድ የቆጠራ ዙር ነው። ፓሌንኬ በተባለችው ከተማቸው የተገኘው የራሳቸው ጽሑፍ እስከ 4772 እ.ኤ.አ. ድረስ ይቆጥራል።

«ትንቢት ሰው ሳይነካው በራሱ ይፈጸማል»

ኦዲን ትንቢቱን ፈርቶ ፌንሪርን አሳሰረው፤ ጠላትነቱም በዚያው ጸና። እኛም ዘንድ ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው የትንቢት መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ሰላምና ጥጋብ ያመጣል ይላል። ካሳ ኃይሉ በ1847 ሲነግሥ ስሙን አውቆ መረጠው። ሸዋ በ1848 ያገኘችው ግን ጦሩን ነው። ገና ልጅ የነበረው ምኒልክም ተማርኮ ሄደ፤ በኋላም መቅደላ ላይ በግዞት ኖረ።