ሳኩለንቷን የገደላት ጥማት አይደለም

ጽጌረዳ መስላ የምትደረደር፣ ቅጠሏ ወፈር ያለ ትንሽ ተክል በየበረንዳው ትታያለች። ሳኩለንት እንላታለን። አበባ ሻጮች ጋ በብዛት የምትገኘው ኤቼቬሪያ የምትባለው ናት። ዝም ብላ ቁጭ ብትልም የሚወራባት ብዙ ነው።

«በየቀኑ ጠብ ጠብ ማድረግ ይበቃታል።»

እናቴ ቡና ባፈላች ቁጥር ሲኒ ያለቀለቀችበትን ውሃ ታካፍላት ነበር። «ትጠጣ እንጂ፣ እሷም ነፍስ ናት» ትላለች። ለጥቂት ወራት አማረባት። ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ቦታ ልቀይርላት ስነካት ጭንቅላቷ እጄ ላይ ቀረ። ግንዱ ጠቁሮ እንደ በሰበሰ ድንች ላሽቋል። የላይኞቹ ቅጠሎች ግን ገና አረንጓዴ ነበሩ፤ ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው።

ሥር ውሃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል። አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ ይበሰብሳል። ስለዚህ ስታጠጧት ከታች በቀዳዳው እስኪፈስ አጠጧት፤ ከዚያ አፈሩ እስከ ታች እስኪደርቅ እርሷት። ቀጭን እንጨት ሰክታችሁ አውጡት። እርጥብ አፈር ይዞ ከወጣ ጊዜው ገና ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናብ ከማይመታው ጥግ አስጠጓት።

ሲጠማት ራሷ ትናገራለች። የታችኛው ቅጠል ይጨማደዳል፣ ሲጫኑትም ለስለስ ይላል። ውሃ ሲበዛባት ግን ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ብርሃን ያሳልፋል፣ ነካ ሲያደርጉት ይረግፋል። የመጀመሪያው አንዴ ጥሩ አድርጎ በማጠጣት ይስተካከላል። ሁለተኛው ምላጭ ይጠይቃል።

«ከሥር ጠጠር ከተነጠፈ ውሃው ይወርዳል።»

እኔም ለዓመታት አምኜበታለሁ። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ደቃቅ አፈር ውሃውን ጨምቆ ይይዛል፤ እስኪጠግብ ድረስ ወደ ጠጠሩ አይለቅም። እርጥበቱ ወደ ሥሩ ይጠጋል እንጂ አይርቅም። ጠጠሩን ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት። መንገድ ላይ የሚደፋው ሬድ አሽ ተሰባብሮ፣ አቧራው በወንፊት ወጥቶለት ግማሽ በግማሽ ቢገባ በጣም ይስማማታል። መትከያው የወተት ዱቄት ጣሳም ቢሆን ችግር የለውም፣ የጣሳውን ታች በምስማር ብሱት ብቻ።

«የቁልቋል ዘር ናት፣ የበረሃ ፀሐይ ትወዳለች።»

የቅርብ ዘመዷስ እንዳሁላ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ቤተሰብ ናቸው። (የእኛ ባለ ወተቱ ቁልቋልም ከካክተስ ወገን አይደለም። እውነተኛው ካክተስ እሾሃማው በለስ ነው።) አብዛኞቹ ኤቼቬሪያዎች የሜክሲኮ ደጋ ልጆች ናቸው፣ ድንጋይና ገደል ላይ የሚበቅሉ። ስለዚህ የአዲስ አበባ ብርድ ብዙ አያስደነግጣቸውም። ፀሐይ ይወዳሉ፤ ግን ሳሎን የከረመችውን በአንድ ቀን የቀትር ፀሐይ ላይ ካወጣችኋት ትቃጠላለች፣ ጠባሳውም አይጠፋም። መጀመሪያ የጠዋት ፀሐይ ስጧት፣ ቀስ በቀስ ጨምሩላት። ጨለማ ቤት ደግሞ አንገቷን አስግጋ ብርሃን ፍለጋ ትሄዳለች። ያ «አደገች» አይባልም።

«ስታብብ ትሞታለች።»

ኤቼቬሪያ አትሞትም፣ በየዓመቱ ልታብብ ትችላለች። ሴምፐርቫይቨም የምትባለው ሌላዋ ሳኩለንት ግን ያበበችው ራስ ትደርቅና በዙሪያዋ ያሉት ልጆቿ ይቀጥላሉ። የታችኛው ቅጠል እንደ ወረቀት ደርቆ መውደቁም እርጅና ነው፣ በሽታ አይደለም።

«ቅጠሏ ሲወለወል ያምርባታል።»

አትንኳት! ያ አመድ የመሰለው ነገር አቧራ ሳይሆን ከፀሐይ የሚከላከላት ሰም ነው። አንዴ ከተጠረገ በዚያ ቅጠል ላይ እንደነበረ አይመለስም።

የተቆረጠው ጭንቅላትስ? ጥቁሩን በምላጭ እየቀነስኩ ንጹህ እስኪሆን ቆረጥኩት፣ ቁስሉ እንዲደርቅ አንድ ሳምንት መስኮት ላይ ተውኩት፣ ከዚያ ደረቅ አፈር ላይ አስቀመጥኩት። «ውሃ ሳታጠጪ?» አለች እናቴ፣ አፏን ይዛ። ሳላጠጣ። በሦስተኛው ሳምንት ቀስ ብዬ ላነሳት ስል እምቢ አለችኝ፤ ሥር ይዛለች። የሲኒው ውሃ አሁን ወደ ጤና አዳሙ ዞሯል።