ካውታው፦ ስለ ቻይናው ስግደት በስህተት የሚነገሩ ነገሮች

የእንግሊዝኛ ዜና የሚከታተል ሰው "ካውታው" የሚለውን ቃል ሳይሰማው አይቀርም። አንድ መሪ ለኃያል አገር ሲያጎበድድ፣ አንድ ኩባንያ ለመንግሥት ሲያሸረግድ "ካውታው አደረገ" ይሉታል። ቃሉ የተወሰደው ከቻይንኛ ነው። ቻይናዎቹ "ኮውቶው" ይላሉ፤ ጭንቅላትን መሬት ማስነካት ማለት ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ገብቶ ስድብ ሆነ። ብዙ የተሳሳተ ወሬም አብሮት ይዞራል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

"ጎንበስ ብሎ እጅ መንሳት ነው"

አይደለም። ጃፓኖች ሲገናኙ ከወገባቸው ጎንበስ የሚሉት ሌላ ነው። ካውታው በሁለቱም ጉልበት ተንበርክኮ፣ መዳፍን መሬት አስደግፎ ግንባርን ማስነካት ነው። ደረጃም ነበረው። በመጨረሻው የቻይና ሥርወ መንግሥት፣ በቺንግ ዘመን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ፊት የሚደረገው ትልቁ ነው፦ ሦስት ጊዜ መንበርከክ፣ በእያንዳንዱም ሦስት ጊዜ ግንባር ማስነካት። በድምሩ 9 መሆኑ ነው።

"ባሪያ ለጌታው የሚያደርገው ነው"

ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ ይሰግድ ነበር። በዓመቱ አጭሩ ቀን ቤጂንግ ወደሚገኘው የሰማይ መቅደስ ሄዶ ለሰማይ ግንባሩን መሬት ያስነካል። እናቱ ፊትም እንደዚሁ። ልጅ ለወላጆቹ፣ ተማሪ ለመምህሩ፣ ሙሽሮች ለቤተሰብ፣ ሐዘንተኛ ለሟች አባቱ ይሰግዳል። ከላይ እስከ ታች የማይሰግድ ሰው አልነበረም። እኩልነት ነበር ማለቴ አይደለም፤ በግልጽ "አንተ ትበልጠኛለህ" ማለት ነው። ግን ውርደት አልነበረም። እንዲያውም ለወላጁ የማይሰግድ ልጅ ነበር ባለጌ የሚባለው።

"ከጥንት ጀምሮ አንድ ዓይነት ነበር"

ጥንት ቻይናዎች ወንበር አልነበራቸውም፤ ምንጣፍ ላይ ተንበርክከው ነበር የሚቀመጡት። ከዚያ ላይ ግንባርን ዝቅ ማድረግ ቀላል ነገር ነው። ወንበር ከተለመደ በኋላ ግን ከቆሙበት መሬት መውደቅ ሆነ፤ ክብደቱም ጨመረ። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ሹማምንት ንጉሡ ፊት ቆመው ጉዳያቸውን ያስረዱ ነበር። ተንበርክኮ ማውራት የጠነከረው በኋላ በሚንግና በቺንግ ዘመን ነው።

"አምልኮ ነው"

በዚህ ጉዳይ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ለብዙ ዘመን ተጨቃጭቃለች። ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት "ለፈላስፋው ኮንፊሺየስና ለሞቱ አባቶች መስገድ ማክበር ነው" አሉ። ዶሚኒካውያን የሚባሉት ሌሎች መነኮሳት ደግሞ "ጣዖት አምልኮ ነው" ብለው ከሰሱ። በ1700 ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ራሱ "አክብሮት እንጂ አምልኮ አይደለም" ብሎ መሰከረ። ሮም ግን አልሰማችውም። በ1704 ከለከለች፣ በ1715 አጠናከረችው፣ በመጨረሻ በ1939 ፈቀደች። የአምልኮ ስግደትና የጸጋ ስግደት የተለያዩ መሆናቸውን ሲሰማ ላደገ የኛ አገር ምእመን ጭቅጭቁ አዲስ አይሆንበትም።

"እንግሊዛዊው መልእክተኛ አልሰግድም ስላለ ንግዱ ተበላሸ"

በጣም የተወራው ይሄ ነው። በ1793 ሎርድ ጆርጅ ማካርትኒ የእንግሊዝን ንጉሥ ደብዳቤና ብዙ ስጦታ ይዞ ንጉሠ ነገሥት ቺያንሎንግ ዘንድ ሄደ። ስገድ ተባለ። "በእኔ ማዕረግ ያለ ቻይናዊ ሹም ለእኛ ንጉሥ ሥዕል ከሰገደ እሰግዳለሁ" አለ። ከብዙ ድርድር በኋላ፣ እሱ እንደጻፈው፣ ለራሱ ንጉሥ እንደሚያደርገው በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ። ቺያንሎንግ ተቀበለው፣ ግብር አበላው፣ ስጦታም ሰጠው። ጥያቄዎቹን ግን ውድቅ አደረጋቸው። ማካርትኒ የጠየቀው ቤጂንግ ውስጥ ቋሚ አምባሳደር፣ ተጨማሪ ወደቦች፣ ለነጋዴዎች የሚሆን ደሴት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ይሄን ሁሉ የጠየቀ ሰው መቶ ጊዜ ቢሰግድም አያገኝም ነበር።

ሆላንዶችን እንይ። በ1795 አይዛክ ቲትሲንግ የቺያንሎንግን የ60 ዓመት ንግሥና ሊያከብር መጣ። እሱና ባልደረቦቹ በታዘዙት ቁጥር ያለ ክርክር ሰገዱ። አዲስ የንግድ መብት ግን አላገኙም። በእርግጥ ስግደቱ ጭራሽ ለውጥ አያመጣም ማለት አይደለም። በ1816 የመጣው ሎርድ አምኸርስት እሺ ስላላለ ንጉሠ ነገሥት ጂያቺንግን ሳያይ ነው የተባረረው።

"የኦፒየም ጦርነት የተነሳው በካውታው ነው"

ይሄንን ያሉት ትንሽ ሰው አይደሉም፤ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ናቸው። በ1841 ባደረጉት ንግግር እንግሊዝና ቻይና የተዋጉበት ምክንያት ካውታው ነው ብለው ነበር። ስሙ ግን ራሱ ይናገራል፤ ኦፒየም አደንዛዥ ዕፅ ነው። በ1839 ቻይናዊው ባለሥልጣን ሊን ዘሹ ከ20,000 ሣጥን በላይ የእንግሊዝ ነጋዴዎች ኦፒየም ወርሶ ሁመን ላይ አስወገደው። የገንዘብ ጠብ ነው፤ የክብር ልብስ አለበሱት።

"የሚያሰግዱት ቻይናዎች ብቻ ነበሩ"

በ1900 ቤጂንግ ውስጥ የጀርመን መልእክተኛ ተገደለ። በቀጣዩ ዓመት ቻይናዊው ልዑል ቹን ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ በርሊን ተላከ። ታዲያ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ካይዘር ዊልሄልም ምን አሉ? የልዑሉ አጃቢዎች ካውታው ያድርጉ! አውሮፓ መቶ ዓመት ሙሉ "ኋላ ቀር" ስትለው የኖረችውን ስግደት ማለት ነው። ልዑሉ ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ላይ ሆኖ ወደፊት አልሄድም አለ። ጀርመኖች ጥያቄውን ሲተዉ ነው ጉዞውን የቀጠለው። በርሊን አጠገብ ባለችው ፖትስዳም ደርሶም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ እንጂ ማንም መሬት አልወደቀም።

"ዛሬ ፈጽሞ ጠፍቷል"

ከመንግሥት ሥርዓት ጠፍቷል። በ1873 ንጉሠ ነገሥት ቶንግዢ የውጭ መልእክተኞችን ያለ ስግደት ተቀበለ። በ1912 ሪፐብሊኩ ሲመሠረት ደግሞ መንበርከክ ቀርቶ ባርኔጣ አውልቆ ጎንበስ ማለት ተተካ። ግን በሰሜን ቻይና አንዳንድ መንደሮች ልጆች ለአዲስ ዓመት አያቶቻቸው ፊት ይሰግዳሉ። ቀብር ላይም አለ። ለማርሻል አርት መምህሩ የሚሰግድ ደቀ መዝሙርም አይጠፋም።

ለተርጓሚዎች አንድ ነገር ልጨምር። የእንግሊዝኛው ዜና ስለ ፖለቲከኛ ሲያወራ "ሰገደ" ብላችሁ አትጻፉ፤ "አጎበደደ" ወይም "አሸረገደ" በሉ። አያት ፊት ለሚሆነው ግን "ሰገደ" ልክ ነው።