መድፉ የመከነ ታንክ ምንድን ነው?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠራ ታንክ ለሰብሳቢዎች ሲሸጥ፣ በአብዛኛው «መድፉ የመከነ» ተብሎ ነው። ሞተሩ ሊነሳ፣ መድፉን የያዘው ማማ ሊዞር፣ በሰንሰለቱም ሊሄድ ይችላል፤ መድፉ ግን ዳግመኛ እንዳይተኩስ ሆን ተብሎ ተበላሽቷል። ያው 30 ቶን ብረት በአንዱ ወረቀት አሮጌ ተሽከርካሪ፣ በሌላው የጦር መሣሪያ ነው። ስለዚህ ገዢ ከሞተሩ በፊት ወረቀቱን ይመልከት።

ዝርዝሩ እንደየአገሩ ሕግ ቢለያይም አሠራሩ ይመሳሰላል። ጥይቱ የሚያርፍበት ክፍል ውስጥ ወፍራም ብረት ገብቶ ዙሪያውን ይበየዳል። አፈሙዙ ማማው ውስጥ በሚቀረው በኩል ይበሳል ወይም ይቀደዳል፤ ከውጭ ሲታይ እንዳለ ነው። የኋላውን በር የሚዘጋው ከባድ ብረት ይቆረጣል ወይም ይበየዳል፣ ጥይቱን የሚመታው መርፌም ይወጣል። ብየዳው ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ ሊፈነቀል ስለሚችል ተቀባይነት አያገኝም። ከልክ ያለፈ ማምከንም የራሱ ጣጣ አለው። የመድፉ የኋላ ክፍል ጨርሶ ተቆርጦ ከወጣ ሚዛኑ ወደ አፈሙዙ ያደላል፤ ሸክሙ ሁሉ መድፉን ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ማርሽ ላይ ወድቆ ጥርሱን ይበላዋል። እንዲህ ያለ ታንክ ሲገዛ ከኋላ ማመጣጠኛ ክብደት መኖሩን ማየት ያሻል።

በብሪታኒያ የማምከኑን ሥራ መርምረው ሰርተፊኬት የሚሰጡት የለንደንና የበርሚንግሃም የጦር መሣሪያ መፈተሻ ቤቶች ናቸው። በአሜሪካ የሚሠራ መድፍ ያለው ታንክ በግል መያዝ ይቻላል፤ ሆኖም ውስጣዊ ስፋቱ ከ12.7 ሚሊሜትር በላይ የሆነ መድፍ በፌዴራል መንግሥት መዝገብ መግባት አለበት። ባለቤትነቱ ሲዛወር 200 ዶላር ታክስ ይከፈላል፣ ፈቃዱ እስኪመጣም መድፉ ለገዢው አይሰጥም። የሚፈነዳ ጥይት ካለ እያንዳንዱ ለብቻው ይመዘገባል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ የሠራችው ሸርማን ታንክ የተለመደው መድፉ 75 ሚሊሜትር ስለሆነ ከዚህ ልክ እጅግ ያልፋል።

ጀርመን ጠበቅ ታደርጋለች። እ.ኤ.አ. በ2015 በሰሜን ጀርመን ኪል ከተማ አጠገብ ባለችው ሃይኬንዶርፍ፣ ከአንድ ቤት ምድር ቤት ፓንተር የተባለ የጦርነቱ ዘመን የጀርመን ታንክ ሲወጣ 20 ያህል ወታደሮች 9 ሰዓት ገደማ ደክመዋል። ክርክሩ ታንኩ ዛሬም የጦር መሣሪያ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነበር። በ2021 ፍርድ ቤቱ ባለቤቱን 250,000 ዩሮ ቀጥቶ፣ ታንኩ ለሙዚየም ወይም ለሰብሳቢ እንዲሸጥ አዘዘ።

ከወረቀቱ ቀጥሎ ማንነቱ ይመጣል። ከሾፌሩ አጠገብ ያለውን የመለያ ሰሌዳ ብቻ ማመን አይገባም፤ ሰሌዳ አዲስ ይሠራል። የሸርማን መለያ ቁጥር የኋላ መጎተቻ ጆሮው ብረት ላይም ተመትቷል። ቀለሙ ተፍቆ ሁለቱ ቁጥሮች ይነጻጸሩ። የሶቪየቱ ታንክ ቲ-34-85 ሲሆን ጥንቃቄው ይጨምራል፤ ፖላንድና ቼኮዝሎቫኪያ በ1950ዎቹ ብዙ ስለሠሩ፣ «የጦርነቱ» ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዱ ጦርነቱን አላየውም። የድኅረ ጦርነቱ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም፣ እንዲያውም ብዙውን ጊዜ አሠራሩ ንጹህ ነው፤ ዋጋው ግን ከጦርነቱ ታንክ እኩል ሊሆን አይገባም።

ሞተሩን በተመለከተ ሸርማን (ኤም4) አንድ ዓይነት አይደለም። ኤም4ኤ3 የፎርድ ቪ8፣ ኤም4ኤ2 ሁለት ናፍጣ ሞተር፣ ኤም4ኤ4 ደግሞ አምስት የክራይስለር ሞተሮች ተጣምረው 30 ሲሊንደር ያለው ሞተር አለው፤ ይህን የመጨረሻውን ለማደስ ትዕግሥትም መለዋወጫም ይጠይቃል። ኤም4ኤ1 ላይ ያለው 9 ሲሊንደሮቹ በክብ የተደረደሩ የኮንቲኔንታል ሞተር ነው። ብዙ አዲስ ባለቤት ሞተር የሚሰብረው እዚህ ነው። ታንኩ ቆሞ ሲሰነብት ዘይት በፒስተኑ ቀለበት በኩል እየሰረገ ታች ያሉት ሲሊንደሮች ውስጥ ይጠራቀማል። ዘይት አይታመቅም። በዚያ ሁኔታ ሞተሪኖው ሲነካ ፒስተኑ መሄጃ ያጣና ፒስተኑን የያዘው ዘንግ (ቢየላው) ይጎብጣል፤ ያን ቀን ባይሰበር ሌላ ቀን ይሰበራል።

መከላከያው ቀላል ነው። የማቀጣጠያው ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ሞተሩ በእጅ ማዞሪያ (ማኑቬላ) ቢያንስ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል፤ ሁሉም ሲሊንደሮች የመታመቅ ተራቸው የሚደርሳቸው በሁለት ዙር ነውና። ማኑቬላው በማርሽ ስለሚያዞር እጅ የሚዞረው ከዚያ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ድንገት ከጠጠረ ማስገደድ አይገባም። ወደ ኋላ መመለስም አይገባም፤ ዘይቱ ወደ አየር ማስገቢያው ቱቦ ይሸሽና ሞተሩ ሲነሳ ተመልሶ ይገባል። የታችኞቹን ካንዴላዎች ፈትቶ ማፍሰስ ነው። ለመግዛት ሲኬድ ሞተሩ ቀዝቅዞ እንዲቆይ ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል፤ አስቀድሞ የሞቀ ሞተር ችግሩን ይደብቃል።

የኤም4ኤ1 የነዳጅ ታንከር 660 ሊትር ያህል ቤንዚን ይይዛል፤ በጥሩ መንገድ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬደዋል። ሰንሰለቱ በአንድ ጎን 79 ቁራጭ አለው፤ ቁራጮቹ መቆጠርና የእያንዳንዱ ቁራጭ ጎማ መታየት አለበት፣ ምክንያቱም ለረጅም ጊዜ የቆመ ጎማ ይሰነጠቃል። ማጓጓዣውም ከዋጋው ጋር ይታሰብ፤ ታንኩና ሎቤዱ ሲደመሩ ከ40 ቶን ስለሚያልፉ በብዙ አገር ልዩ የመንገድ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ውስጡ ሲጸዳ ሁለት ነገር አይረሳ። የጥንቱ ፍሬን ሸራ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በአየር መንፋት ክልክል ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። በጨለማ እንዲያበሩ ጎጂ ጨረር በሚያወጣው ራዲየም የተቀቡ ጌጆች ካሉም መስታወታቸው አይከፈትም፣ ቀለሙም አይፈቀፈቅም።