የአውቶቡሱ ቀለም ባለቤቱን አይናገርም

የብሪታንያ አውቶቡሶችን ፎቶ በማኅደር ሲመድቡ ሰው የሚምታታበት አንድ ነገር አለ፦ ኦፕሬተሩ፣ ማለትም አውቶቡሱን የሚያሠማራው ኩባንያ፣ ማን ነው?

የለንደኑን ቀይ አውቶቡስ እንይ። ቀለሙም ክቡ ምልክትም የከተማዋ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ናቸው። መስመሩንና ታሪፉን የሚወስነውም እሱው ነው። አውቶቡሱን የሚያሠማራው ግን ጨረታ ያሸነፈ ኩባንያ ነው፤ አሪቫ፣ ሜትሮላይን፣ ጎ-አሄድ እያለ ይቀጥላል።

ታዲያ ማን ይጻፍ? የሥራ ፈቃዱ በስሙ የወጣው። እሱን ለማግኘት የአውቶቡሱን ጎን ዝቅ ብሎ ማየት ነው። በደቃቅ ፊደል ስምና አድራሻ ተጽፎበታል። ሰው ሁሉ የጎ-አሄድ የሚለው አውቶቡስ እዚያ ላይ የጎ-አሄድ ቅርንጫፍ የሆነውን «ለንደን ጄኔራል» ሊል ይችላል። እኔ ብሆን እናት ኩባንያውን ለብቻ፣ ባለፈቃዱን ለብቻ አሰፍራለሁ። አለዚያ ኩባንያ በተሸጠ ቁጥር ማኅደሩ ይተራመሳል።

ከለንደን ውጭ ከ1986 ወዲህ ገበያው ክፍት ስለሆነ ቀለሙ ባብዛኛው የኩባንያው ነው። ማንችስተር ግን ከ2023 ጀምሮ የለንደንን መንገድ ይዛለች። አውቶቡሶቹ ቢጫ ናቸው፤ የሚያሠማሯቸው ኩባንያዎች ግን ብዙ።

ትራም ላይ ደግሞ ኦፕሬተሩ ሊቀየር ስለሚችል ፎቶው የተነሣበትን ቀን አይርሱ። የማንችስተር ሜትሮሊንክ ትራም በ2016 ፎቶ ላይ አርኤቲፒ ዴቭ ሥር ይገባል፤ በ2018 ፎቶ ላይ ኬኦሊስ-ኤሚ ሥር።