«ምነው ቢሉ»፦ የእምነት ጥያቄ በአንድምታ ጉባኤ

አንድምታ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ቤት የሚሰጥ የትርጓሜ ትምህርት ነው። ጉባኤው፣ ማለት የትምህርት ክፍሉ፣ አራት ነው፦ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት (የቤተ ክርስቲያን አባቶች መጻሕፍት) እና መነኮሳት (የምንኩስና መጻሕፍት)። በዚህ ትምህርት የእምነት ጥያቄ እንደ ድፍረት አይቆጠርም፤ በትርጓሜው ውስጥ የራሱ መቀመጫ አለው።

አንዱ ደቀ መዝሙር የግእዙን ንባብ ያሰማል። መምህሩ ነጠላ ትርጉሙን በአማርኛ ይሰጣሉ፤ ከዚያ «አንድም» እያሉ ሌላ ሌላውን ፍች ያክላሉ። ንባቡ የሚያከራክር ሲሆን ሐተታ ይከተላል፤ «ምነው ቢሉ»፣ «ስለምን ቢሉ» እየተባለ ጥያቄው ይነሣል። ጠያቂዎቹ እነማን እንደ ሆኑ አይነገርም። «ቢሉ» ጥያቄውን ከተማሪው ትከሻ ያወርደዋል፤ መናፍቅ የሚያነሣው ዓይነት ከባድ ጥያቄ እንኳ ማንም ሳይታማበት ይመረመራል።

ለምሳሌ የዮሴፍን አባት ማቴዎስ በምዕራፍ 1 ያዕቆብ፣ ሉቃስ በምዕራፍ 3 ኤሊ ይሉታል። መልሱ የሚቆመው በዘዳግም 25 ሕግ ላይ ነው፦ ሰው ልጅ ሳይወልድ ቢሞት ወንድሙ ሚስቱን አግብቶ ዘር ይተካለታል። ኤሊ ልጅ ሳይወልድ ሞተ፤ ወንድሙ ያዕቆብ ሚስቱን አግብቶ ዮሴፍን ወለደ። እንግዲህ ዮሴፍ በሥጋ የያዕቆብ፣ በሕግ የኤሊ ልጅ ነው። ይህን መልስ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዩልዮስ አፍሪካኖስም ጽፎታል።

ውይይቱን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ አንዱን «አንድም» ነጥሎ እንደ ቀኖና መያዝ ነው። «አንድም» የቀደመውን ፍች አይሽርም፤ አብሮት ይቆማል። ሌላው ጥፋት ንባቡን ሳያጠኑ ወደ ምስጢር መዝለል ነው፤ ግሱን ያልለየ ሰው የሚከራከረው ባልተጻፈ ነገር ላይ ነው።

በጎንደር ትምህርቱ «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» በተባሉ ሁለት የትርጓሜ ወገኖች ተከፍሏል። ታች ቤትን ያቀኑት መምህር ኤስድሮስ ናቸው፤ በጣና ደሴቶች ሰባት ዓመት መጻሕፍት እንደ መረመሩ ይነገራል። ዛሬ በስፋት የሚሰማው የታች ቤት ነው።

ቅባት፣ ጸጋና ተዋሕዶ የተባሉት ወገኖች በምስጢረ ሥጋዌ፣ ማለት በክርስቶስ ሰው መሆን፣ ላይ ያደረጉት ክርክር ግን ከጉባኤ ቤት ወጥቶ ነገሥታት ፊት ቀርቧል። በ1870 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ለተዋሕዶ ፈረዱ። ዳኛው ንጉሥ በሆነበት ሸንጎ የተረታው ወገን እንደ ጉባኤ ቤቱ ተማሪ በማግስቱ ተመልሶ «ምነው» ማለት አይችልም ነበር።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ትርጓሜው በመጽሐፍ ታትሞ ወጣ። አንባቢው አሁን «ቢሉ»ን ከነመልሱ ያገኛል፤ መልሱ ካልበቃው ግን ደግሞ የሚጠይቀው መምህር ፍለጋ ወደ ጉባኤ ቤት መሄድ አለበት።